መብራቱ ነው፤ ማሽኑ ነው

ሞላሌ ላይ ከገበያው ወደ መናኸሪያው ስትወርዱ ሰማያዊ በር ያላት አንዲት ጠባብ ክፍል አለች። በሩ ላይ «ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ» ተብሎ በቀለም ተጽፏል፤ የጻፈው ሰው ቦታውን ሳይለካ ጀምሮ ኖሮ «ኮፒ» የምትለው ተጨናንቃ ማጠፊያው ሥር ገብታለች። የክፍሏ ባለቤት ጌታነሽ ናት። አርባ ሰባት ዓመቷ ነው። ማመልከቻ ስትጽፍ ጣቷ አይታይም፤ ደንበኛ ሲጠፋ ደግሞ እንዝርቷን አንስታ የበግ ጠጉር ትፈትላለች። እሷ ዘንድ የተጻፈ ደብዳቤ በሁለት ነገር ይለያል። አንድም ስሕተት አይገኝበትም፤ እጥፋቱ ውስጥ ግን አንድ ሁለት ነጭ ጠጉር አይጠፋም።

ኮምፒውተሯ ከተዘጋ መሥሪያ ቤት የወጣ አሮጌ ነው። ሰው ሁሉ ኮምፒውተር ይለዋል፤ እሷ «ሽማግሌው» ትለዋለች። የሞላሌ ጉም በር እየገፋ ይገባል፤ በዚያ ላይ የታኅሣሥ ውርጭ አለ። ስለዚህ ሽማግሌው እንዳይበርደው ባና ከሚሉት ወፍራም የበግ ጠጉር ጨርቅ ልብስ ሰፍታለታለች። ልብሱ ለገመዶቹ ማሳለፊያ ቀዳዳ አለው፤ ከፊት ደግሞ ለማብሪያው የምትሆን አንዲት ጣት የምታስገባ ክፍተት አለችው። ይህ በመንዝ ማንንም አያስገርምም። እዚህ የተወለደ ጥጃ ይሸፈናል፣ ሊጥ ይሸፈናል፣ የወፍጮ ቤቱ ጀነሬተር እንኳ ካፖርት አለው። ደንበኞቿ ባናውን እየዳሰሱ «ጥሩ አድርገሽ ይዘሽዋል» ይሏታል እንጂ ሌላ ነገር ያለ የለም።

ባሏ አወቀ ሹፌር ነበር። ከመሐል ሜዳ ተነሥቶ በሞላሌ፣ በመዘዞ፣ በጣርማ በር አድርጎ ደብረ ብርሃን ድረስ ሃያ ሦስት ዓመት ጭነት ያመላለሰ፣ ጉም ውስጥ መንገዱን በጠረኑ ያውቀዋል የሚባልለት ሰው ነው። ይህ ሰው ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ቀን «ጌታነሽ፣ ቤቱ ጨለመብኝ» አላት።

«መብራቱ ነው» አለችውና አምፖል ቀየረች።

ከወር በኋላ ደግሞ ጨለመብኝ አለ። «መብራቱ ነው፤ ኃይሉ ደክሟል» አለችው። አምፖሉ ደህና መሆኑን ታውቃለች። አወቀ ከትሪው በግራ በኩል ያለውን ወጥ ሳይነካ ሲነሣ ስንት ጊዜ አይታለች። ግን ሹፌር ዓይኑን ካጣ ምን ይሆናል የሚለውን ሐሳብ እስከ መጨረሻው ማሰብ ፈራች። እንዲሁ ዓመት ሙሉ «መብራቱ ነው» ስትል ከረመች። እሱም አመናት።

ከዚያ አንድ ቀን ረፋዱ ላይ፣ ፀሐይ ወጥታ፣ መንገዱ ባዶ ሆኖ እየታየው፣ መዘዞ አጠገብ በበግ መንጋ መሐል ሰንጥቆ አለፈ። አንድም በግ አላየም፤ የሰማው ድምፁን ብቻ ነው። የበጎቹ ባለቤት አንዲት ሴትዮ ዘለው አፋፉ ላይ ቆመው ነበር። አንድ ክንድ ቢቀርባቸው ኖሮ እሳቸውም አብረው ነበሩ። አወቀ ሞተሩን አጠፋ፣ ቁልፉን ለረዳቱ ሰጠና ሞላሌ ድረስ በእግሩ መጣ።

ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው አለ። የግራው አልቋል፤ የቀኙ ግን ቀዶ ጥገና ከተደረገለት ያለው እንዳለ ሊቆይ ይችላል። «ምነው ከዓመት በፊት በመጣችሁ» አለ። ያን ጊዜ አወቀ ዞሮ ጌታነሽን አላያትም። ቢያያት ይሻላት ነበር።

ከዚያ ወዲህ አወቀ ቤት ውስጥ እንደ ተቀመጠ ዕቃ ሆነ። ያስነሣው፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ ጌም ነው። ሸዋ ሮቢት ላይ ኤሌክትሮኒክስ የምትሸጥና የምትጠግን ኢልሀም የምትባል ሴት አለች፤ ምላሷ እንደ እጇ የፈጠነ። ሽማግሌው አልነሣ ብሎ ለጥገና ቆላ ወርዶ በነበረ ጊዜ የአወቀን ነገር ከጌታነሽ ሰምታ፣ የጭነት መኪና መንጃ ጌም ጫነችበትና ላከችው።

መጀመሪያ አወቀ አጣጣለው። «በጣት ይነዳል እንዴ? ይሄ መኪና ነው ወይስ ክራር?» አለ። በሦስተኛው ቀን ግን ቁርሱን ሳይጨርስ ይቀመጥ ጀመር። ስክሪኑን ጎትቶ ወደ ቀኝ ዓይኑ ያቀርባል። የፈረንጅ ከተሞቹን ስም አልወደደውምና በራሱ ሰየማቸው። ዋሻ ያለበትን ጣርማ በር አለው፤ ሜዳ ላይ የተሰጣችውን አንዲት ትንሽ ከተማ ደግሞ መዘዞ አላት። እዚያች መዘዞ ሲደርስ በግ ባይኖርም ፍጥነት ይቀንሳል። ማውራት ጀመረ፤ መብላት ጀመረ። ለቀዶ ጥገናው ሰኞ ቀን ሲቀጠርለት «እሄዳለሁ። ይህን መንገድ የማይበትን ዓይን ዝም ብዬ አልሰጥም» አለ።

ቀጠሮው አሥራ ሁለት ቀን ሲቀረው መንገዱ ተበላሸ።

አወቀ ጀርባውን ሰጥቷት ተቀምጦ ሲነዳ ጌታነሽ ትፈትል ነበር። አሥር ደቂቃ ያህል እንደ ነዳ ሰማዩ ቀላ። ቀጥሎ ዛፎቹ ሦስት ማዕዘን እየሆኑ ተሰነጣጠቁ፤ ከላይ እስከ ታች አረንጓዴና ሐምራዊ መስመር እንደ ድር ተዘረጋ። በመጨረሻ አስፋልቱ ራሱ ጠፋና መኪናው አየር ላይ ተንጠለጠለ። አወቀ ሁለት እጁን አንሥቶ ጭኑ ላይ አኖረ።

«ምን ሆንክ?»

«ቀለም አየሁ» አለ ቀስ ብሎ። «ሐኪሙ ቀለም ታይ ይሆናል ብሎኝ ነበር። ዓይኔ ነው ጌታነሽ። አበቃ።»

ቀና ብላ አየች። እሷም ታየዋለች። ቀዩም፣ ሐምራዊውም፣ የጠፋው መንገድም ቁልጭ ብሎ ይታያታል። ደስ ሊላት ምንም አልቀራት።

«ኧረ ማሽኑ ነው» አለችው።

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ጆሮዋ ሰማው። አወቀም ሰማው። «መብራቱ ነው» ስትል በከረመችበት በዚያው ድምፅ ነበር የወጣው፤ ያው ለስለስ ያለ፣ ያው ልጅ የሚያባብል ድምፅ።

«እሺ» አለ አወቀ። «ማሽኑ ነው።» ተነሥቶ ወጣ።

በማግስቱ ልታስረዳው ሞከረች። «እኔም አይቼዋለሁ እኮ። በእናቴ ሞት፣ ሰማዩ ቀይ ነበር።»

«አንቺ ማመልከቻ ስትጽፊበት ደህና ነው?»

«ደህና ነው፣ ግን...»

«ትናንት የእድሩን ደብዳቤ ስታወጪ ተበላሸ?»

«አልተበላሸም።»

«አየሽ? ማሽን ሰው ይለያል እንዴ? እኔ ስቀመጥበት ብቻ ነው የሚታመመው?» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «መዘዞም እንዲሁ ነበር። ሌላው ሁሉ ደህና ይታየኛል፣ በጎቹ ብቻ የሉም። ይህ ዓይን ሲያታልል አያስታውቅም። ሰኞ አልሄድም ጌታነሽ። ያለቀ ነገር ተሸክሜ ሄጄ ምን ልበላቸው? አንቺም ለእኔ ብለሽ ነው፤ አውቃለሁ።»

ለእኔ ብለሽ ነው ሲላት ቢሰድባት ትመርጥ ነበር። እውነት ይዛ የማትታመን ሴት ሆና ቀረች። የቀራት አንድ መንገድ ነው፦ ከሰኞ በፊት ጌሙን ማስተካከልና አስቀምጣው ማሳየት። አለዚያ ያቺ አንዲት ዓይን ቤት ተቀምጣ ትጠፋለች።

ኢልሀም ዘንድ ደወለች። ስክሪኑን በስልኳ አንሥታ ፎቶውን በቴሌግራም ላከችላት።

«ውይ እትዬ ጌታነሽ» አለች ኢልሀም፣ «ይሄ የሠርግ ድንኳን ነው ወይስ ጌም?»

«ሳቂ አንቺ። እኔ እዚህ ልሞት ነው።»

«እሺ እሺ። መጀመሪያ ሴቲንግ ውስጥ ግቢና ግራፊክሱን ዝቅ አድርጊው። ጥላውን አጥፊ፣ የሣሩን ጥራት ቀንሺ።»

ቀነሰች። ሣሩ ጠፋ፣ ጥላው ጠፋ፣ ዛፉ እንጨት ብቻ ሆኖ ቀረ። አሥራ አንደኛው ደቂቃ ላይ ሰማዩ እንደገና ቀላ።

በማግስቱ ኢልሀም «ስክሪኑን የሚያሠራው ፕሮግራም፣ ድራይቨሩ፣ አርጅቶ ይሆናል፤ አዲስ ልላክልሽ» አለችና በፍላሽ ጭና ለአውቶብስ ረዳት ሰጠች። ፍላሿ ጣርማ በርን ወጥታ ሞላሌ እስክትደርስ ሁለት ቀን ፈጀች። የመጀመሪያው ቀን ረዳቱ ኪሱ ውስጥ ረስቷት መሐል ሜዳ ደርሳ ተመልሳለች። ጌታነሽ አሮጌውን ድራይቨር አጥፍታ አዲሱን ጫነች፣ አጥፍታ አበራች፤ ሰማዩ ቀላ። ጌሙን ነቅላ እንደገና ጫነችው። የስክሪኑን ገመድ ቀየረች። ከትምህርት ቤት ስክሪን ተውሳ አመጣች፤ በተዋሰችውም ላይ ቀላ። መብራት ሁለት ጊዜ እየጠፋ ጅምሯን አበላሸባት። ስድስት ቀን አለፈ።

አንድ ነገር ግን አስተውላለች። ጠዋት ጠዋት ሲከፈት ደህና ይነሣና ሲቆይ ነው የሚታመመው። ይህ ነገር ለመንዝ ሰው ግልጽ ነው፤ ብርድ ቀስ እያለ ነው አጥንት ውስጥ የሚገባው። ስለዚህ በመጀመሪያው ባና ላይ ሁለተኛ ደረበችለት፣ ጠርዙንም በመርፌ ቋጠረችው። በማግስቱ አሥር ደቂቃ የነበረው ወደ አራት ወረደ። ጌታነሽም «ምን ያህል ቢመታው ነው!» ብላ አዘነችለት።

ኢልሀም በስልክ «አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለቻት። «ማሽኑ ይሞቃል እንዴ? እዚህ ሸዋ ሮቢት ቢሆን ኖሮ ሙቀት ነው ብዬ ዓይኔን ጨፍኜ እፈርድ ነበር።»

«አንቺ፣ ሞላሌ ነው እኮ ያለሁት። እዚህ የሚሞቅ ነገር ቢገኝ እኔው ራሴ አቅፌው እተኛ ነበር።»

«እሱስ እውነትሽን ነው። እናንተ ጋ ውሃው ራሱ በረዶ ነው። እንግዲያ ሳጥኑን ክፈቺና ውስጡን በቪዲዮ አሳይኝ።»

«አልነካውም። ከፍቼው ባይገጥምልኝስ? እንጀራዬ እኮ እሱ ነው።»

ሐሙስ ዕለት ሌላ ዘዴ መጣላት። አወቀ እሷን ካላመነ ሌላ ሰው ያምናል። ከጎረቤት ልብስ ሰፊውን ጋሽ ኪዳነን ጠራች፤ ሰባ ዓመታቸው ቢሆንም ዓይናቸው መርፌ ውስጥ ክር በአንድ ጊዜ ያስገባል። አወቀን ለምና ከበሩ አጠገብ አስቀመጠችው፣ ጌሙን ከፈተች፣ ሰማዩ እስኪቀላ ጠበቀች።

«ጋሽ ኪዳነ፣ እስቲ የሚያዩትን ይንገሩኝ።»

ጋሽ ኪዳነ ጎንበስ ብለው በጥንቃቄ ተመለከቱ። ጌም ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነበር። «እንዴት ያለ ያማረ ነገር ነው» አሉ። «ቀለሙ ሲያምር። ይሄ ሐምራዊ መስመር ለጥለት ቢሆን...»

«ምንም የተበላሸ ነገር አይታይዎትም?»

«ምኑ ይበላሻል ልጄ? ደህና ነው እንጂ።»

አወቀ ከበሩ አጠገብ ተነሣ። አልተቆጣም። «እግዜር ይስጥልኝ ጋሽ ኪዳነ» ብሎ ወጣ። ጌታነሽ ሽማግሌውን ሰው በጥፊ ላለመምታት እጇን ጉያዋ ውስጥ ከተተች።

እሑድ ደረሰ። የሰኞው አውቶብስ የሚነሣው ጎሕ ሲቀድ ነው። ከቤተ ክርስቲያን መልስ አወቀ ከበሩ ውጭ ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ ወደ ግድግዳው እያየ ነበር። ከጓሳ ተራራ የሚመጣው ነፋስ ቁልቁል ይነፍሳል። ጌታነሽ ውስጥ ሆና ለመጨረሻ ጊዜ ጌሙን ከፈተች። ከሦስት ደቂቃ በኋላ ሰማዩ ቀላ፤ ቀጥሎም ስክሪኑ ጭራሽ ጠቆረ። እጇን ፊቷ ላይ አድርጋ ቆየች። አላለቀሰችም፤ ለማልቀስም ትንሽ ተስፋ ያስፈልጋል። «አልቻልኩም» አለች ለራሷ። «ዓመት ሙሉ ዋሽቼ የግራውን አጠፋሁበት። አሁን ደግሞ እውነቱን ይዤ የቀኙን ላጠፋው ነው።»

ወደ ውጭ ስትመለከት አወቀ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። የሚደረብ ነገር ፈልጋ ዓይኗ የተደረበው ባና ላይ አረፈ። አሁን ለማን ብላ ታሞቀዋለች? ክሩን በጥርሷ በጥሳ ከነሥረኛው ገፈፈችው፣ ወጥታም ትከሻው ላይ ጣል አደረገችለት።

አወቀ ባናውን ሰብሰብ አድርጎ አንገቱ ሥር አስገባው። ትንሽ ቆይቶ ዞር አለ።

«ምን ላይ ነበር ይሄ?»

«ምነው?»

«ይሞቃል። እሳት ዳር ያዋልሽው ነው የሚመስለው።»

ጌታነሽ እጇን ባናው ሥር ሰደደች። እውነትም አሁን ከምድጃ የወጣ ይመስላል። ተመልሳ ገብታ እርቃኑን የቀረውን ሳጥን ነካች፤ እጇን መለሰች። ስልኳን አነሣች።

«ኢልሀም፣ ማሽኑ ይሞቃል ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር አይደል?»

«አዎ፣ አይሞቅም አልሽኝ።»

«ባና ለብሶ ነበር።»

«ምን ለብሶ?»

«ባና። ሁለት።»

«ያ አላህ» አለች ኢልሀም። «እትዬ ጌታነሽ፣ እኔ አሥር ቀን ሙሉ ድራይቨር ስልክልሽ አንቺ ሽማግሌውን ወፍራም ብርድ ልብስ ውስጥ አፍነሽ ትገድይዋለሽ? ደብዳቤ ስትጽፊበት ቁጭ ብሎ ነው የሚሠራው፤ ጌም ሲሆን ይሮጣል። ሲሮጥ ያልበዋል። አሁን ሶኬቱን ንቀይና ክፈቺው። ፋኑን እዪ።»

ብሎኖቹን በቢላ ጫፍ ፈታች። ከውስጥ ማራገቢያ አልነበረም፤ ማለትም ነበረ፣ ግን አይታይም። ስትፈትል የበነነው ጠጉር ሁሉ ዓመት ከዓመት እየተሳበ ገብቶ፣ ማራገቢያው ላይ ተዳምጦ፣ እንደ ቆብ ጥቅጥቅ ብሎ ተጋግሯል። በጣቶቿ ይዛ አንድ ላይ ላጠችው። ዙሪያው እንኳ ክብ ነበር።

አሁን ሮጣ ሄዳ «ማሽኑ ነበር» ልትለው በሩ ድረስ ደረሰች። እዚያ ቆመች። የእሷ ቃል ምን ያህል እንደሚመዝን ታውቃለች። ምንም ሳትናገር ያንን የጠጉር ቆብ መዳፉ ላይ አኖረችለት።

አወቀ በጣቱ አገላበጠው። ጠጉሩን ለየ፣ አቧራውን ለየ፣ ክብነቱን በአውራ ጣቱ ተከትሎ ዞረ።

«ከየት ነው?»

«ከማራገቢያው ላይ።»

«በዚህ ላይ ደግሞ ሁለቱን ባና አልብሰሽው?»

«እንዳይበርደው ብዬ።»

አወቀ ፊት ላይ የሆነ ነገር ቀስ እያለ ተነቃነቀ። «እኔ መሐል ሜዳ ሳድር ለብርዱ ብዬ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ራዲያተር ፊት ካርቶን አደርግ ነበር» አለ። «ቆላ ስወርድ አነሣዋለሁ። አንዴ አንድ አዲስ ሹፌር ካርቶኑን ረስቶ ሸዋ ሮቢት ድረስ ወረደ። ሞተሩን ቀቀለው።» ቆቡን ጨበጥ አደረገው። «ራዲያተሩን ደፍነሽው ነው የምትነጂው እኮ። በደጋው ደህና ይሄዳል፤ ጭነት ሲበዛበት ነው የሚፈላው።»

«አዎ» አለች፤ ሌላ ቃል ለመጨመር አልደፈረችም።

«ለዚህ ነዋ ደብዳቤ ላይ የማይታመመው» አለ ለራሱ።

ሽማግሌውን ሁለቱ ተጋግዘው ወደ ውጭ አወጡት። ጠረጴዛውን ከደጃፍ አደረጉ፣ ገመዱን ከውስጥ ሳቡ። ጎኑ እንደ ተከፈተ፣ ማራገቢያው በዶሮ ላባ ተጠርጎ፣ ፊቱን ወደ ጓሳ ነፋስ አዞሩት። አላፊ አግዳሚው ቆመ። ጋሽ ኪዳነም ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳደረጉ ወጡ። ጌታነሽ በልቧ የምትለምነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ መብራት እንዳይጠፋ።

አወቀ ባናውን እንደ ደረበ ተቀመጠ። ነዳ። አምስት ደቂቃ። አሥር ደቂቃ። ጌታነሽ ስክሪኑን ማየት አቅቷት የሰውየውን ትከሻ ታያለች። አሥራ ሁለት። ሰማዩ ሰማይ ነው። ሃያ ደቂቃ ላይ ጣርማ በርን አለፈ። መዘዞ ሲደርስ ቀነሰ፣ ከተማዋን በዝግታ አቋረጠ፣ ከዚያ ፍሬን ይዞ መንገድ ዳር አቆመ።

«ያ ቀለም የታለ?» አሉ ጋሽ ኪዳነ ቅር ብሏቸው። «የፊተኛው ይሻል ነበር።»

አወቀ ሳቀ። ከዓመት በኋላ ነው። ቀጥሎ ሳቁን አቆመና ስክሪኑን ወደ ግራ ወደ ቀኝ አዘዋወረው። ራሱንም አዞረ።

«ጌታነሽ።»

«እ?»

«የግራው መስታወት አይታየኝም። መኪናው ግራ መስታወት አለው?»

አለው። ጥርት ብሎ፣ ከኋላው ያለው መንገድ እንኳ ውስጡ እየታየ፣ እዚያው አለ። ጌታነሽ አየችው። ለስላሳው ድምፅ ጉሮሮዋ ድረስ መጣ። ዋጠችው።

«አለው» አለች። «ይሄ ማሽኑ አይደለም አወቀ። ይሄ ዓይንህ ነው።»

ነፋሱ ባናውን ከትከሻው ላይ ገፋው፤ በእጁ ያዘው። ረጅም ጊዜ አላያትም። ከዚያ ሙሉ ፊቱን፣ ቀኝ ዓይኑ እስኪያገኛት ድረስ፣ ወደ እሷ አዞረ።

«የነገው አውቶብስ በስንት ሰዓት ነው የሚነሣው?» አለ። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ በዚያው መናኸሪያ ሲያልፍ የኖረ ሰው ነው፤ ሰዓቱ አይጠፋውም፣ ከእሷ አፍ ሊሰማው ነው እንጂ።

«አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል» አለችው።

«እንግዲያ ይሄን ባና ለእኔ አድርጊልኝ» አለ አወቀ። «ለሱ አትመልሺለት።»